ውሃ የማይወጣው አምባ

በክረምት ማለዳ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው ጉሙን ሳያይ አያልፍም። ከታች ከቦርከና በኩል ይነሳል፣ የገደሉን ፊት እየዳበሰ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ወደ ከተማው ይገለበጣል፣ ጦሳንም ይውጠዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ላዳና ሚኒባሱ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣው ዳገት ለጉሙ ምንም አይደለም።

ጉሙን በባሕር ውሃ፣ ሐረጎንም በደቡብ ዋልታ አካባቢ ባለ የባሕር ሥር ገደል እንተካ። እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃው ገደሉ ጋ ሲደርስ አይወጣም፤ ይዞራል። የሚዞረው ደግሞ ገደሉን የነካው የታችኛው ውሃ ብቻ አይደለም። ከገደሉ ጫፍ ሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ያለው፣ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው የላይኛው ውሃም ከሥሩ ያለውን ተራራ ያየ ይመስል አብሮ ይዞራል። ስለዚያ ባሕር ከሚነገረው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው፦ ላዩን የሚያዘው ወለሉ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ስለ ባሕር ሲወራ «ሞገድ» ሁሉን ይሸፍናል። ሞገድ ግን ውሃውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ብዙም አይወስደውም። እዚህ የምናወራው ስለሚሄድ ውሃ ስለሆነ «ጅረት» እላለሁ። ከሥሩ ያለውን ከፍታ ደግሞ «አምባ» እላለሁ። ወሎ ላይ ተቀምጦ ሌላ ቃል መፈለግ ነውር ነው።

አምባው ከርጌለን ይባላል። በደቡባዊ የሕንድ ውቅያኖስ ከ46 እስከ 64 ዲግሪ ደቡብ ኬክሮስ፣ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከ2200 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቷል። ኢትዮጵያን ከሞያሌ እስከ ሰሜን ጫፍ ብትለኳት አትሞላውም። በምዕራብም በምሥራቅም ያለው ወለል ከ4000 እስከ 5000 ሜትር ጥልቀት አለው። አምባው ላይ ግን ጥልቀቱ በሰሜን ከ1000 ሜትር ያንሳል፣ በደቡብ ደግሞ 1500 እና 2000 ሜትር ይሆናል። ከውሃ በላይ ብቅ ያሉት ጥቂት ቦታዎች ናቸው። በ1772 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው መርከበኛ ኢቭ ዦዜፍ ደ ከርጌለን ያገኛቸውና ስሙን የያዙት ደሴቶች አሉ፤ ከነሱ በስተደቡብ ምሥራቅ ደግሞ 2745 ሜትር ከፍታ ያለውና ዛሬም የሚነድ እሳተ ገሞራ የተሸከመችው ኸርድ ደሴት አለች። ካፒቴን ኩክ በ1776 ከርጌለን ደርሶ «የባድማ ደሴት» ሊላት እንደሚገባ ጽፏል። ዛፍ የለም፣ ነፋሱም አያቋርጥም፤ አልተሳሳተም።

ድንጋዩ ለደሴ ሰው እንግዳ አይሆንም። ጥቁር ባዛልት ነው። ደሴ የተሠራችበት የላቫ ንጣፍ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ነው። ከርጌለንን የገነባው ላቫ ደግሞ ከዛሬ 120 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በተመሳሳይ መንገድ፣ ከምድር ሆድ በወጣ ትኩስ ዓለት ተነጥፏል። የቁፋሮ መርከቦች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ካወጡት ናሙና ውስጥ የእንጨት ቅሪት ተገኝቷል። የአምባው ክፍሎች አንድ ዘመን ደን የለበሱ የብስ ነበሩ ማለት ነው፤ በኋላ ቀዝቅዘው ሰመጡ። ወንድማማች አምባዎች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዱ ጤፍ ይዘራበታል፣ ሌላው ዓሣ ይዋኝበታል።

በዚህ አምባ ላይ የሚመጣው ጅረት አንታርክቲካን ዙሪያዋን የሚዞረው ነው። በዓለም ላይ የብስ ሳያግደው ምድርን የሚዞር ሌላ ጅረት የለም። መጠኑ ስቨርድሩፕ በሚባል መለኪያ ይነገራል። አንድ ስቨርድሩፕ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በደቡብ አሜሪካና በአንታርክቲካ መካከል ባለው የድሬክ መተላለፊያ ለረጅም ጊዜ 134 ስቨርድሩፕ ይባል ነበር፤ ከ2007 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ወለሉ ላይ በተተከሉ መሣሪያዎች የተለካው ግን 173 ገደማ ወጣ። ቁጥሩ እንዲህ ሲነገር ባዶ ነው። አባይ ሱዳን ድንበር ላይ በዓመት ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያወርዳል እንበል። በሰከንድ ሲካፈል 1550 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ስለዚህ አንዲቱ ስቨርድሩፕ ብቻ ከ600 አባይ ትበልጣለች። የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ የሚይዘውን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ 150 ስቨርድሩፕ የሚሸከም ጅረት ከስምንት ደቂቃ በትንሽ በልጦ ይሞላዋል። ቡና አንደኛው እስኪፈላ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ውሃ ለምን አምባውን አይወጣም? ጉልበት አጥቶ አይደለም፤ የሽክርክሪት ሒሳብ ይዞት ነው። ምድር ስትዞር በላይዋ ያለ የውሃ ዓምድም አብሯት ይዞራል። የሚዞርበት መጠን በወገብ ላይ ዜሮ ሲሆን ወደ ዋልታ በተጠጋን ቁጥር ያድጋል፤ ከኬክሮሱ ሳይን ጋር ይሄዳል። በ56 ዲግሪ ደቡብ ላይ ያለው ደሴ ካለችበት 11 ዲግሪ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዓምዱ ታዲያ ይህን ሽክርክሪት ለቁመቱ ሲያካፍለው የሚገኘውን ቁጥር ሳይለውጥ መጓዝ አለበት። ቁመቱ ካጠረ ሽክርክሪቱም ማነስ አለበት።

በቁጥር እንየው። በ50 ዲግሪ ደቡብ፣ 4500 ሜትር ቁመት ያለው ዓምድ ከምዕራብ ይመጣል። የ50 ዲግሪ ሳይን 0.766 ነው። 2000 ሜትር ጥልቀት ባለው አምባ ላይ ለመውጣት ሳይኑ 0.34 ወደሆነበት ቦታ መሄድ አለበት፤ ያ 20 ዲግሪ ደቡብ ነው። የሞሪሸስ ኬክሮስ ነው! ዓምዱ አምባዋን ለመርገጥ 3300 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን መሄድ አለበት፤ እዚያ ደግሞ አምባ የለም። ሌላው አማራጭ ጉድለቱን በራሱ መዞር ማካካስ ነው። ለዚያ በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በሰከንድ የስድስት ሜትር የፍጥነት ልዩነት ያስፈልጋል፤ የዚያ ባሕር ጅረት ግን በአብዛኛው በሰከንድ ከግማሽ ሜትር አይዘልም። ሁለቱም መንገድ ስለተዘጋ ውሃው እኩል ጥልቀት ያለበትን መስመር እየተከተለ ይዞራል። ስሌቱ ውሃው ከላይ እስከ ታች እንደ አንድ ግንድ ይሄዳል ብሎ ስለሚነሳ ያጋንናል። ሞቃት ባሕር ላይ የላይኛው ንጣፍ ከታችኛው ይነጠልና ወለሉን ይረሳዋል። በዋልታው አካባቢ ግን ከላይ ያለውም ከታች ያለውም ቀዝቃዛ ነው፤ የእፍግታ ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ ንጣፎቹ ተጣብቀው ይሄዳሉ። የሐረጎ ጉም ምሳሌ የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው። የጉሙ ጉዞ አጭር፣ ኬክሮሱም ዝቅተኛ ስለሆነ የምድር መዞር ሊይዘው ጊዜ አያገኝም።

ይህን በወረቀት ላይ አምኖ መቀበል ይከብዳል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሰው ጄፍሪ ቴይለር በ1923 እ.ኤ.አ. በሚሽከረከር ገንዳ አሳይቶታል፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ ዕቃም ማሳየት ይቻላል። ብየዳ ቤትና ቶርኖ ቤት በአንድ ሰፈር የሚገኝበት ከተማ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው።

ገንዳው ከብረት በርሜል ይቆረጣል። የተለመደው ባለ 200 ሊትር በርሜል ስፋቱ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከታች 20 ሴንቲ ሜትር አስቆርጦ ውስጡን ነጭ ቀለም መቀባት ነው። የልብስ ሳፋ አይሆንም። ግድግዳው ያዘነበለ ስለሆነ ራሱ እንደ ተዳፋት ወለል ይሠራና ያልፈለጉትን ጅረት ይፈጥራል። ግድግዳው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲገባበት 25 ሊትር ገደማ ነው፣ ማለትም ከነብረቱ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የሚቀመጥበት ኩሽኔታ የአሮጌ መኪና ጎማ ኩሽኔታ ቢሆን ይመረጣል። ማዞሪያው ባለ 12 ቮልት የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ነው። በዝቅተኛው ማርሽ በደቂቃ 45 ዙር ገደማ ይዞራል፤ እኛ የምንፈልገው 10 ነው። ሞተሩ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ገንዳው ሥር 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፑሌጃ አስቆርጦ በቺንጋ ማገናኘት ይበቃል። ከመብራት ይልቅ የመኪና ባትሪ ይሻላል፤ መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ የአንድ ሰዓት ሥራ ይበላሻል። ባትሪው ግን ሙሉ መሆን አለበት፤ እየደከመ የሚሄድ ባትሪ ፍጥነቱን ቀስ እያለ ይቀንስና ሳይታሰብ ሙከራውን ይጀምረዋል።

አምባው ከሲሚንቶ ይጣላል፦ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክብ። ከገንዳው መሃል 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ገንዳው በውሃ ልክ ይስተካከል። ትንሽ ካዘነበለ በእያንዳንዱ ዙር ውሃው ይንቀጠቀጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃው ላይ ነው። ደሴ ላይ ጠዋት ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ከክፍሉ አየር ይቀዘቅዛል። ያን ውሃ ይዞ መጀመር ማለት ከታችና ከጎን በሙቀት የሚነሳ የራሱ ዝውውር ያለበት ውሃ ማየት ነው፤ ቀለሙ ይበታተናል፣ የሚጠበቀው ነገር አይመጣም። ውሃው በክፍሉ ውስጥ አድሮ መዋል አለበት። ላዩም በንጹሕ ላስቲክ ይሸፈን፤ ያለዚያ ገንዳው ሲዞር አየሩ ፊቱን ይጎትተዋል።

ከዚያ ማዞር ነው። 10 ዙር በ60 ሴኮንድ። ውሃው ከገንዳው ጋር እኩል እስኪዞር ድረስ ወለሉ ላይ ያለው ቀጭን ንጣፍ ነው የሚሠራው፤ ለ10 ሴንቲ ሜትር ውሃ አንዱ እርምጃ 100 ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል፣ አምስት ስድስት እርምጃ ስለሚያስፈልግ 10 ደቂቃ ሳይነኩ መቆየት ነው። የሚቸኩል ሰው እዚህ ይወድቃል። ውሃው መረጋቱ የሚታወቀው የወረቀት ቁራጭ ጣል ሲደረግበት ከገንዳው ጋር ተጣብቆ ሲዞር ነው።

አሁን ፍጥነቱን በጥቂቱ መቀነስ፦ 10 ዙር 60 ሴኮንድ ይፈጅ የነበረው 61 እንዲሆን። ውሃው በልማዱ ስለሚቀጥል ከገንዳው በሰከንድ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ይቀድማል፤ ያ ነው ጅረቱ። ከአምባው በላይና ከፊት ለፊቱ የፖታሲየም ፐርማንጋኔት ቅንጣት ሲጣል ወደ ታች እየወረደ ቀጥ ያለ ወይን ጠጅ ክር ይሠራል። ከፊት ያለው ክር ወደ አምባው ይመጣል፣ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ከላይ እስከ ታች ሳይታጠፍ ይዞረዋል። ከላዩ ያለው ክር እዚያው ቆሞ ይቀራል። ሲሚንቶው ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ከሱ በላይ ስምንት ሴንቲ ሜትር ነጻ ውሃ አለ፤ ውሃው ግን ጉብታው እስከ ላይ የዘለቀ ይመስል ይሸሸዋል። ለማየት ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃው አዲሱን ፍጥነት ይለምድና ጅረቱ ይሞታል። ስልክ ከገንዳው ጋር አብሮ በሚዞር ብረት ላይ ታስሮ ቢቀርጽ ነው የሚሻለው፤ ቆሞ ከውጭ ለሚያይ ዓይን ሁሉም ነገር ይዞራልና።

ፍጥነቱን በጥቂቱ መለወጥ ትቶ ከ10 ዙር ወደ 13 ያዘለለው ሰው ምን ያያል? ውሃው አምባውን ዘሎ ያልፋል። ሕጉ አልፈረሰም። የጅረቱ ፍጥነት ለሽክርክሪቱና ለአምባው ስፋት ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ አምባው ከውሃው ቁመት ከያዘው ድርሻ፣ ማለትም ከ0.2፣ ሲበልጥ ጉልበቱ ሽክርክሪቱን ያሸንፋል። በመጀመሪያው ሙከራ ቁጥሩ 0.02 ገደማ ነው፤ በሁለተኛው 0.3 ያልፋል። ከርጌለን ላይ አምባው ሰፊ፣ ጅረቱ ዝግተኛ ስለሆነ ቁጥሩ ከመጀመሪያውም እጅግ ያንሳል።

ወደ እውነተኛው ባሕር እንመለስ። አምባ ያለ በር አይሆንም፤ ወሎዬ ይህን አይነገረውም። ከርጌለንም በር አለው። አብዛኛው ውሃ በሰሜን በኩል፣ ከደሴቶቹ በላይ ዞሮ ያልፋል። ከቀረው ትልቁ ክፍል በ56 ዲግሪ ደቡብ ገደማ አምባውን ለሁለት በሚከፍለው ፎን በሚባለው ሸለቆ ይገባል። የሸለቆው ደፍ 2600 ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በ2009 እ.ኤ.አ. በመርከብ ተኪዶ ሲለካ 43 ስቨርድሩፕ ገደማ ተገኘበት፤ 27 ሺህ አባይ በአንድ በር ማለት ነው። ሦስተኛው በር በአምባውና በአንታርክቲካ መካከል ያለው የልዕልት ኤልሳቤጥ ሸለቆ ነው። ከ3500 ሜትር በላይ ጥልቀት ቢኖረውም ከዋናው ጅረት የሚያልፍበት ጥቂት ነው። በሩ መክፈቱ ብቻ አይበቃም፣ ጅረቱ የሚመጣበት መስመር ላይ መሆን አለበት።

ከምሥራቁ ገደል ሥር ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። በአንታርክቲካ ዳርቻ በረዶ ሲሠራ ጨዉን ይተፋል፤ ቀዝቃዛና ጨዋማ የሆነው ውሃ ከብዶ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ያ ውሃ በአምባው ምሥራቃዊ ግርጌ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ሁለት ዓመት በቆዩ መሣሪያዎች ሲለካ 3500 ሜትር ጥልቀት ላይ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆነ። በቀን 17 ኪሎ ሜትር ነው፤ የደሴንና የኮምቦልቻን መንገድ በአንድ ቀን ተኩል ይጨርሳል። ለመኪና ቀርፋፋ ነው፣ ለእንዲያ ያለ ጥልቀት ግን ሩጫ ነው። ጽሑፎች ይህን «የምዕራብ ዳርቻ ጅረት» ሲሉት አንባቢ ይደናገራል፣ ከአምባው በስተምሥራቅ ሆኖ ሳለ። ስሙ የተሰጠው ከተፋሰሱ አንጻር ነው። ከአምባው በስተምሥራቅ ላለው ሰፊ ተፋሰስ አምባው የምዕራብ ግድግዳው ነው።

አሁን ስለ ግንባሮች። ግንባር ማለት ሁለት ዓይነት ውሃ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ጠባብ መስመር ነው። ቃሉን መጀመሪያ ለአየር የተጠቀሙበት የኖርዌይ ሚቲዎሮሎጂስቶች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወሬ ነው የወሰዱት፤ በአማርኛም ይስማማል። ትልቁ ጅረት እንደ አንድ ወንዝ ወጥ አይደለም፣ በነዚህ ግንባሮች ላይ ይፈጥናል፣ በመካከላቸው ይዘገያል። ከሁሉ የሚታወቀው የዋልታ ግንባር ነው። ከሰሜን ለብ ያለው፣ ከደቡብ ቀዝቃዛው።

የሚታወቅበት ምልክት ላዩ ላይ አይደለም። በበጋ ፀሐይ ሁለቱንም ወገን ስለምታሞቅ በሳተላይት የሚታየው የላይ ሙቀት ያታልላል። ምልክቱ ከ100 እስከ 300 ሜትር መካከል ነው። ያለፈው ክረምት የቀዘቀዘው ውሃ ሙቀቱ እንደተጠበቀ እዚያ ተቀብሮ ይቆያል። በዚያ ጥልቀት ውስጥ ዝቅተኛው ሙቀት ከ2 ዲግሪ በታች ከሆነ ከግንባሩ በስተደቡብ ነን፤ በላይ ከሆነ በስተሰሜን። ሕጉ ይኸው ነው። ሆኖም ባለፉት አሥርት ዓመታት የወጡ ካርታዎች ከርጌለን ጋ ሲደርሱ ይጣላሉ። አንዱ ግንባሩን ከደሴቶቹ በሰሜን ያሳልፈዋል፣ ሌላው ከደቡብ ራቅ አድርጎ በፎን በር ያስገባዋል። በመካከላቸው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አለ። ባሕሩ አይደለም የዘለለው፤ መለኪያው ነው የተለያየው። አንዱ የላይ ሙቀት ያያል፣ ሌላው በሳተላይት የተለካ የባሕር ከፍታ መስመርን ይከተላል። ጅረቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሻገሩት የባሕሩ ፊት ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ስለዚህ ዘዴው መሠረት አለው። ግን ባሕሩ በአጠቃላይ ሲሞቅና ሲያብጥ መስመሩ ራሱ ይንሸራተታል፣ ግንባሩ ሳይነቃነቅ ወደ ደቡብ የሄደ ይመስላል። የውስጡን ሙቀት ይዘው የሠሩ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ከደሴቶቹ ጥቂት በስተደቡብ ታክኮ እንደሚዞር አሳይተዋል። እኔም የማምነው ይህን ነው፣ የወለሉን ቅርጽ ስለሚከተል።

ይህን ከደሴ ሆኖ ማጣራት ይቻላል። አርጎ የሚባሉት ተንሳፋፊዎች መረጃ ለማንም ክፍት ነው። ተንሳፋፊው 1000 ሜትር ላይ ወርዶ ይቆያል፣ በየ10 ቀኑ ወደ 2000 ይወርድና እየለካ ወደ ላይ ይወጣል፣ በሳተላይት ይልካል። የአንዱ ጉዞ ፋይል ከአንድ የስልክ ፎቶ ያንሳል፤ ደካማ ኢንተርኔት አያግደውም። ከ48 እስከ 58 ደቡብ ኬክሮስና ከ65 እስከ 85 ምሥራቅ ኬንትሮስ መርጦ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ መክፈት ነው። መጀመሪያ የሚታየው ሙቀቱ አይደለም፣ የጥራት ምልክቱ ነው፤ 1 የተባለውን ብቻ መያዝ። ቀጥሎ ጥሬውን ትቶ የተስተካከለውን ዓምድ መጠቀም፣ በተለይ ለጨዋማነት፣ አንዳንድ ሴንሰሮች ከዓመታት በኋላ ጨዉን አብዝተው ማንበብ ይጀምራሉና። ፋይሉ ውስጥ ያለው ግፊት እንጂ ጥልቀት እንዳልሆነ መዘንጋት የለበትም፤ 1000 ዴሲባር 990 ሜትር ገደማ ነው። ለግንባሩ ይህ ልዩነት አይጎዳም፣ ለወለል ሥራ ግን ይጎዳል። ከዚያ ዝቅተኛውን ሙቀት መፈለግ ነው። ላዩ 3.5፣ 200 ሜትር ላይ 1.6፣ 500 ሜትር ላይ 2.2 የሚል መስመር ቢወጣ ያ ውሃ የደቡብ ሰው ነው።

ጀማሪ አንድ ነገር ያስተውላል፦ በአምባው ላይ ነጥብ ጥቂት ነው። ተንሳፋፊዎቹ የሚያርፉት 1000 ሜትር ላይ ስለሆነ የሰሜኑ አምባ አይበቃቸውም፤ ደግሞም ውሃው የሚሄድበትን ስለሚሄዱ እነሱም አምባውን ይዞሩታል። ክፍተቱን የሞሉት የዝሆን አቆስጣዎች የሚባሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት ናቸው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በከርጌለን የእንስሳቱ ራስ ላይ ያለው ፀጉር ላይ ትንሽ መለኪያ ይለጠፋል። አቆስጣው በቀን ብዙ ጊዜ 500 እና 600 ሜትር ይጠልቃል፣ በረዶ ሥርም ይገባል፣ ለመተንፈስ ብቅ ሲል መሣሪያው ይልካል። ፀጉሩን ሲቀይር መሣሪያውም አብሮ ይወድቃል። የሚልከው የተጨመቀ መስመር ነው፣ ጥራቱም ከመርከብ ያንሳል፤ ለ2 ዲግሪው ጥያቄ ግን ይተርፋል።

የሁሉም መመዘኛ ግን ከመርከብ የሚወርደው መለኪያ ነው። ሥራው አሰልቺ፣ ስህተቱም ረቂቅ ነው። ዙሪያውን የውሃ መቅጃ ጠርሙሶች የተደረደሩበት ማዕቀፍ በገመድ ይወርዳል። መጀመሪያ 10 ወይም 20 ሜትር ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆማል፤ አየሩ ካልወጣና ፓምፑ ካልጀመረ የላይኛው ንባብ ሁሉ ውሸት ነው። ከዚያ በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ግንባር ላይ ሙቀቱ በድንገት ሲለወጥ የሙቀትና የኤሌክትሪክ ሴንሰሮቹ እኩል አይነቁም፤ ጨዋማነት ከሁለቱ ስለሚሰላ እዚያ ቦታ ላይ የሌለ ሹል ይወጣል። ማስተካከያው አንዱን ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ማስቀደም ነው። ይህን ያልሠራ ሰው ግንባሩ ላይ አዲስ የውሃ ዓይነት ያገኘ ይመስለዋል። ከብርዱ የሚመጣም አለ፤ ከውሃ ሲወጣ አየሩ ከዜሮ በታች ከሆነ በቱቦው የቀረው ጠብታ ይረጋና የሴንሰሩን መስታወት ይሰነጥቃል።

አምባው ለሕይወት የሚሰጠውን በአጭሩ ልበል። በዚያ ባሕር ማዳበሪያ ሞልቷል፣ የጎደለው ብረት ነው። በከርጌለንና በኸርድ መካከል ጥልቀቱ ከ700 ሜትር ያነሰ ነው፣ ጅረቱ ስለሚዞረውም ውሃው እዚያ ላይ ረግቶ ይቆያል፤ ማዕበለ ጨረቃ፣ ማለትም በጨረቃ ስበት ከፍ ዝቅ የሚለው ውሃ፣ ከገደሉ ጋር ሲጋጭ ከታች ያለውን ብረት ያማስለዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሳተላይት ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የጥቃቅን ዕፅዋት ንጣፍ ከዚያ ነው የሚመጣው። በ2005 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጉዞ ይህን በቦታው ለክቶታል።

ለደሴ የሚቀርበው ባሕር ቀይ ባሕር ነው፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አሰብ የሚያደርሰው የድሮ የከባድ መኪና መንገድ ይኸው ነው። ከአሰብ በስተሰሜን፣ ባሕሩ ወደ ባብ ኤል መንደብ ሲጠብ፣ ወለሉ ከፍ ይልና 137 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ደፍ ይሠራል። ከደፉ ውጭ በኤደን ባሕረ ሰላጤ 2000 ሜትር ላይ ሙቀቱ 3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያ ብርድ በአብዛኛው ከደቡብ የመጣ ነው። ከርጌለንን በምዕራብ በኩል ያለፈ የአንታርክቲካ ውሃ ከተፋሰስ ወደ ተፋሰስ እየተሻገረ፣ እየተቀላቀለና እየሞቀ፣ የሶማሊያ ባሕር ወለል ድረስ ይዘልቃል። ደፉን ግን አያልፍም። ስለዚህ ቀይ ባሕር ውስጥ ወደ 2000 ሜትር ቢወርዱ ውሃው 21 ዲግሪ ተኩል ነው፣ ከኮምቦልቻ ማለዳ ይሞቃል።